ከሆሞሻ የሚላክ ማመልከቻ

ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሆሞሻ፣ ፀሐይ ጠንክራ ሰው ሁሉ ወደ ማንጎ ዛፍ ጥላ በሚጠጋበት ሰዓት፣ ስልኩን ከፍ ዝቅ እያደረገ ኔትወርክ የሚያስስ ወጣት ማየት ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጠጋ ብሎ ለጠየቀው ግን፣ ያ ወጣት ዩኒቨርሲቲውን ጨርሶ ቴምፖውን፣ ማለት ጊዜያዊ የምረቃ ምስክር ወረቀቱን፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ወደ እናቱ ቤት ከተመለሰ ወዲህ ሌሊትና ቀን የሚያስበው ሥራን፣ ይልቁንም የሥራ ደጅ መክፈቻ የሆነውን «ልምድ» የሚባለውን ነገር እንደ ሆነ ይነግረዋል። ማስታወቂያው ሁሉ ልምድ ይጠይቃል፤ ልምድም ያለ ሥራ አይገኝም። ከዚህ እንቆቅልሽ ከሚያወጡት መንገዶች አንዱ፣ ለ2፣ ለ3 ወይም ለ6 ወር የሚቆይና አበል የሚከፈልበት የሥራ ልምምድ፣ ወጣቶቹ ራሳቸው «ኢንተርንሺፕ» የሚሉት ነው። ይህ ጽሑፍ፣ አንባቢ ሆይ፣ ያንን ልምምድ በኢንተርኔት እንዴት እንደምትፈልገው፣ እንዴት እንደምታመለክትና ከአታላይም እንዴት እንደምትጠበቅ በተራ በተራው ሊነግርህ የተሰናዳ ነው። «አንተ» ማለቴ ለአጻጻፍ እንዲቀናኝ እንጂ «አንቺ»ን በመዘንጋት አይደለም፤ እንዲያውም ወደ ታች ከማነሣቸው ዕድሎች አንዱ መጀመሪያ የተመሠረተው ለሴቶች ነበር።

ነገሩ በአገራችን ፈጽሞ አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው አስቀድሞ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው እንዲያገለግሉ ባዘዘ ጊዜ፣ አብዛኞቹ በመምህርነት ተሰማርተው መጠነኛ አበል እየተቀበሉ አገራቸውን ከመጽሐፍ ውጭ ያዩት በዚያ ዓመት ነው። ያን ጊዜ ግን ቦታውን የሚመርጠውና ደብዳቤውን የሚጽፈው ዩኒቨርሲቲው ነበር፤ ዛሬ ፈላጊውም፣ ጸሐፊውም፣ መልእክተኛውም አንተው ራስህ ነህ። ሕጉም ቢሆን ልምምድን ባይተዋር አላደረገውም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ስለ ሙያ ልምምድ ውል የተለየ ክፍል አለው፤ ውሉ በጽሑፍ እንዲደረግ፣ የልምምዱ ዓይነት፣ የሚቆይበት ጊዜና የሚከፈለው ገንዘብም እንዲገለጽበት ያዛል። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ክፍያ መጠየቅ እንደ ድፍረት የሚቆጠር መስሎህ እንዳታፍር ነው።

ከሁሉ በፊት የሚሠራው ሥራ ማስታወቂያ ማደን ሳይሆን ወረቀትን ማሰናዳት ነው፤ ብዙው ሰው ግን ማስታወቂያው ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ወረቀት ፍለጋ ይሮጣል። ከወረቀትም ሁሉ አስቸጋሪው ስም ነው። «ሙሐመድ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ስንት መልክ እንዳለው የሚያውቀው ሙሐመድ የተባለ ሰው ብቻ ነው፤ በስምንተኛ ክፍል ካርዱ መካከሉ ላይ በአንድ «ኤም»፣ በቴምፖው በሁለት «ኤም»፣ በባንክ ደብተሩ የመጀመሪያው አናባቢ «ዩ»፣ በፋይዳ መታወቂያው ደግሞ «ኦ» ሆኖ ይገኛል፤ እነዚህን አራት ወረቀቶች አዲስ አበባ ወይም ጄኔቫ ተቀምጦ ጎን ለጎን የሚያይ ሰው አራት የተለያዩ ሰዎች ቢመስሉት አይፈረድበትም። ስለዚህ ዛሬውኑ አንዱን አጻጻፍ ምረጥ፤ የምትመርጠውም በፋይዳህ ላይ ያለውን ይሁን፤ ምክንያቱም በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ይህ መታወቂያ ባንኩም፣ ቴሌውም፣ መንግሥታዊውም መሥሪያ ቤት እየተመሩበት ያለ ነውና። ገና ፋይዳ ያላወጣህ ከሆንህ ስትመዘገብ ቴምፖህን በእጅህ ይዘህ ቅረብ፤ መዝጋቢው ፊደሉን ከዚያው እንዲገለብጥ ለምነው፤ ከመፈረምህም በፊት ፊደል በፊደል አንብበው።

የውጭ አገር ፎርም «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» እያለ ሲጠይቅህ፣ እኛ የቤተሰብ ስም የለንምና ግራ አትጋባ፤ በመጀመሪያው የራስህን፣ በመጨረሻው የአያትህን፣ «የመካከል ስም» የሚል ካለም የአባትህን ጻፍ፤ አንድ ጊዜ እንዲህ ካደረግህ በሁሉም ቦታ እንዲሁ አድርግ።

ከስም ቀጥሎ ዘመን ነው። በ1996 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፎርሙ ላይ 1996 ብሎ ቢጽፍ፣ ዘመኑ በእነርሱ አቆጣጠር ተቈጥሮ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል፤ የዕድሜ ጣሪያ ያለበት ማስታወቂያም ገና ደብዳቤው ሳይነበብ ይጥለዋል። ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለድህ ከሆንህ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 8 ጨምር፤ ቀኑንና ወሩንም በስልክ ላይ በሚገኝ የቀን መቁጠሪያ መልሰህ አረጋግጥ።

የቀረውን በፍጥነት ልለፈው። ኢሜይልህ በራስህና በአባትህ ስም ይከፈት፤ በትምህርት ቤት ዘመን «ዘ ኪንግ» ወይም «ስዊት» ብለህ ያወጣኸውን ለጓደኞችህ ተወው። የይለፍ ቃሉን በደብተር ጻፈው፤ ሲም ካርድህ ቢጠፋ መልሰህ የምትገባበትን ሁለተኛ አድራሻም አስመዝግብ። ቴምፖህን፣ ስቱደንት ኮፒህንና ፋይዳህን በስልክህ የሰነድ ማንሻ፣ በቀን ብርሃን፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተህ አንሣቸው፤ በፒዲኤፍ አስቀምጣቸውና ስማቸውን «ስም፣ የአባት ስም፣ የሰነዱ ዓይነት» ብለህ ሰይም። አንድ ቀን በአሶሳ ኢንተርኔት ቤት አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ማመልከቻውን ሲልክ አየሁት፤ ፋይሉ «አዲስ ሰነድ 3 የመጨረሻ የመጨረሻ» ይላል፤ በውስጡም የእርሱ ሳይሆን የወንድሙ ቴምፖ ነበር።

አሁን ወደ ፍለጋው እንምጣ። ከአገር ውስጥ ስንነሣ፣ ኢትዮጆብስ የታወቀው የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ነው፤ የዚሁ ድርጅት ሥራ የሆነው ደረጃ ደግሞ በተለይ ለአዲስ ተመራቂዎች የተሰናዳ በመሆኑ፣ ማስታወቂያ ከመለጠፍ አልፎ ለሥራ የሚያበቃ ሥልጠና ይሰጣል። ሀሁ ጆብስም ከእንግሊዝኛ ሌላ በአገራችን ቋንቋዎች ይሠራል። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሚያስተዳድረው የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት አለ፤ በዚያ መመዝገብ በአንድ ጊዜ ፍሬ ባይሰጥም ስምህ በመዝገብ ውስጥ ይገባል። በእነዚህ ሁሉ ስትፈልግ «ኢንተርን» የሚለውን ቃል ብቻ አትያዝ፤ «ትሬይኒ»፣ «ጁኒየር»፣ «ግራጁዌት»፣ «ኢኑመሬተር» ብለህም ሞክር። ይህ የመጨረሻው፣ ማለት መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት መረጃ የሚሰበስበው፣ ልምምድ ተብሎ ባይጠራም ለጥቂት ቀናት ወይም ለጥቂት ሳምንታት በቀን አበል የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ለሆሞሻ ልጅ ብዙ ጊዜ ከማናቸውም ልምምድ በፊት የሚገኝ እውነተኛ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ለምን ለሆሞሻ ልጅ እንዳልሁ ላስረዳ፤ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም እዚህ ላይ ነው። የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ በ1989 ዓ.ም. የተከፈተው በዚሁ በሆሞሻ ወረዳ ነው፤ የጾሬውም በኋላ እዚሁ ተጨመረ፤ የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተቀሰቀሰ ወዲህም በኩርሙክ በኩል ብዙ ሕዝብ ገብቷል። ከዚህ የተነሣ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን፣ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት፣ ከእነርሱም ጋር የሚሠሩ ረድኤት ድርጅቶች በአሶሳ ጽሕፈት ቤት አላቸው። እነዚህ መሥሪያ ቤቶች ከአዲስ አበባ የሚያስመጡት ባለሙያ እንግሊዝኛውን አሳምሮ ሊጽፍ ይችላል፤ ከካርቱም ወይም ከብሉ ናይል የመጣችውን እናት ግን በዐረብኛ አነጋግሮ የልጇን ክትባት ሊጠይቃት፣ የአካባቢውንም ሽማግሌ በበርታኛ ሰላም ብሎ የውኃ ጉድጓዱ ለምን እንደ ተበላሸ ሊሰማ አይችልም። አንተ ግን በቤትህ በርታኛ፣ በገበያ ዐረብኛ፣ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት አማርኛ፣ በዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ እየተናገርህ ያደግህ ነህ፤ ይህንም እንደ ተራ ነገር ቆጥረህ በሲቪህ ግርጌ፣ «የትርፍ ጊዜ ፍላጎት፦ እግር ኳስ ማየት» ከሚለው በታች ትጽፈዋለህ። ወደ ላይ አውጣው። ቦታው ሁለተኛው መስመር ነው።

ስለዚህ ከታላላቆቹ ገጾች ሌላ፣ በአሶሳ ያሉትን ድርጅቶች ስም በደብተርህ አስፍረህ የየራሳቸውን የሥራ ገጽ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞ ጧት፣ የመክፈት ልማድ አድርግ። የአሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ በኩርሙክ በኩል ያለው የወርቅ ማዕድን ፕሮጀክት፣ የአሶሳ ዩኒቨርሲቲም ራሱ ከዚህ ዝርዝር አይውጡ፤ ማስታወቂያ ባያወጡ እንኳ አጭር ጥያቄ በኢሜይል መላክ ነውር የለውም። በ2009 ዓ.ም. የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀመር አሶሳ አንዷ ነበረች፤ ተከታዩ ፕሮጀክትም ወጣቶችን ለ6 ወር አበል እየከፈለ በድርጅቶች ውስጥ የሚያለማምድ ክፍል ነበረው፤ እንዲህ ያለው ዕድል ግን በከተማ ነዋሪነት የሚገኝ እንጂ በኢንተርኔት የሚገኝ ስላልሆነ፣ በአሶሳ የምትኖር አክስት ወይም አጎት ካለህ ከቀበሌ እንዲጠይቁልህ ንገራቸው።

ከአገር ወጣ ስንል ጥንቃቄ ያሻል። የተባበሩት መንግሥታት የሚል ስም ሁሉ ገንዘብ ያለው ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የድርጅቱ ሴክሬታሪያት፣ በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመውን በአዲስ አበባ የሚገኘውን የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ጨምሮ፣ ለተለማማጆች ደመወዝ አይከፍልም፤ ለቤት ኪራይ የሚረዳ ዘመድ በአዲስ አበባ የሌለው ልጅ ይህን ሳያውቅ ቢሄድ ክብሩን ይዞ ዕዳ ተሸክሞ ይመለሳል። በአንጻሩ ዩኒሴፍ አበል ከሚከፍሉት ወገን ነው፤ ልምምዱም ከ6 እስከ 26 ሳምንት የሚቆይ ሆኖ፣ ገና በትምህርት ላይ ላሉ ወይም ከተመረቁ 2 ዓመት ላልሞላቸው የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ከተመረቅህ ሰዓቱ እየቈጠረብህ መሆኑን አስብ።

ኮምፒዩተር ለተማሩት ደግሞ ከቤት ሳይወጡ የሚሠሩ ሁለት የታወቁ ዕድሎች አሉ። አንደኛው ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ ነው፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ ሲሆን፣ አመልካቹ ከክፍት ሶፍትዌር ድርጅቶች አንዱን መርጦ በአማካሪ እየተመራ 90፣ 175 ወይም 350 ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ይሠራል፤ ክፍያውም እንደ ሥራው ስፋትና እንደ አገሩ የኑሮ ሁኔታ ይለያያል። ሁለተኛው አውትሪቺ ይባላል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ሴቶችን ወደ ሶፍትዌር ሥራ ለማምጣት የተጀመረ፣ ኋላ ግን በሙያው ውስጥ ቁጥራቸው ላነሰ ወገኖች ሁሉ የተከፈተ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ለ3 ወር የሚካሄድ፣ በሳምንት 30 ሰዓት የሚያሠራና ለተለማማጁ 7,000 የአሜሪካ ዶላር የሚከፍል ነው። አዎን፣ በትክክል አንብበሃል። ዋጋው እንዲህ የከበደ ስለ ሆነ መንገዱም ቀላል አይደለም፤ በመጀመሪያ ስለ ራስህና ስላጋጠመህ እንቅፋት አጫጭር ሐተታ ትጽፋለህ፤ ይህ ከታለፈ አንድ ወር ያህል በመረጥኸው ፕሮጀክት ላይ ትንንሽ ሥራ እየሠራህ ታሳያለህ፤ የሚመረጠውም በዚያ ወር ውስጥ ጠይቆ፣ ተሳስቶ፣ ያረመ ነው። ፕሮግራም መጻፍ የማትችል ከሆንህም ሰነድ ማዘጋጀት ወይም ንድፍ የሚጠይቁ ፕሮጀክቶች አይጠፉም። መሠረቱን ለመጣል ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የሚሰጠው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ነጻ ሥልጠና በስልክ እንኳ ሊጀመር ይችላል፤ የምስክር ወረቀቱ ብቻውን ግን ሥራ አያስገኝም፤ በተማርኸው የሠራኸው አንድ ትንሽ ነገር፣ የሆሞሻ ገበያ የማንጎ ዋጋ በየሳምንቱ የሚመዘገብበት ሠንጠረዥ እንኳ ቢሆን፣ ከአሥር የምስክር ወረቀት ይበልጥ ይናገርልሃል።

ማስታወቂያውን ካገኘህ በኋላ ሁለት ጊዜ አንብበው፤ አንድ ጊዜ ለፍላጎትህ፣ አንድ ጊዜ ለቃሉ። በሁለተኛው ንባብ የምትፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም፣ ቦታው የት ነው፣ የሚዘጋውስ መቼ ነው። ይህ የመጨረሻው ስንቱን አሳዝኗል መሰለህ! «11:59 ፒኤም» የሚል ባየህ ጊዜ፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ነው እንጂ ዶሮ የሚጮህበት 11 ሰዓት አይደለም፤ በዶሮ ጩኸት ተነሥቶ የሚልክ ሰው ከአምስት ሰዓት ገደማ በፊት በተዘጋ ደጅ ላይ ያንኳኳል። ከሰዓቱ አጠገብ «ጂኤምቲ» ወይም «ዩቲሲ» ካለ ደግሞ የእኛ ሰዓት ከዚያ በ3 ይቀድማል፤ ስለዚህ የዩቲሲ 16 ሰዓት ለሆሞሻ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። እኔ ብሆን ግን ይህን ሁሉ ሒሳብ ትቼ ከሁለት ቀን በፊት እልካለሁ፤ ክረምት ሲገባ መብራቱም ኔትወርኩም በአንድ ላይ ሊሄዱ እንደሚችሉ ከአንተ የበለጠ የሚያውቅ የለምና።

እነሆ ወደ ደብዳቤው ደረስን። በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጥላ ዘርግቶ፣ ጉልበቱ ላይ ሰሌዳ አስደግፎ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፈውን ሰው አስታውስ፤ የእርሱ ጥበብ የባለጉዳዩን መከራ አጉልቶ፣ የዳኛውን ርኅራኄ ማነሣሣት ነው፤ ያም በቦታው ትክክል ነው። የእኛ ወጣቶች ግን ሳያውቁት ይህንኑ ቋንቋ ወደ ሥራ ማመልከቻ ያሻግሩታል። «እኔ አመልካች ከድሀ ቤተሰብ የተወለድሁ፣ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ሥራ በማጣት የምንገላታ ስለ ሆንሁ፣ የተከበረው ድርጅታችሁ ችግሬን ተመልክቶ ዕድል እንዲሰጠኝ በትሕትና እለምናለሁ» የሚል ደብዳቤ ሲነበብ ልብ ይነካ ይሆናል፤ ነገር ግን አንባቢው የሚፈልገውን ምንም አልነገረውም። በጠረጴዛው ላይ እንዲህ ያለ 200 ደብዳቤ ያለው ሰው ከችግረኞች መካከል ማንን ይምረጥ? ችግር ለሁሉም እኩል ነው፤ የሚለየው የምትችለው ነገር ነው።

ስለዚህ ልመናውን ወደ ምስክርነት ለውጠው። እንበል ድርጅቱ ለውኃና ለንጽሕና ፕሮጀክቱ ተለማማጅ ይፈልጋል፤ እንበልም አንተ በመመረቂያ ጽሑፍህ በቀበሌህ 40 ቤተሰቦችን ጠይቀሃል። እንዲህ ትጽፋለህ፦ «ለመመረቂያ ጽሑፌ በሆሞሻ ወረዳ 40 ቤተሰቦችን ስለ ውኃ አጠቃቀማቸው ጠይቄአለሁ። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ስለ ነበር ወደ በርታኛ መልሼ፣ ከሴቶች ጋር የነበረውን ጭውውት እኅቴ እንድታግዘኝ አድርጌ፣ መልሱን በኤክሴል አስገብቻለሁ። ከቤተሰቦቹ አብዛኞቹ ከተሠራው ቧንቧ ይልቅ ወንዝ ለምን እንደሚመርጡ የተረዳሁት በዚያ ጊዜ ነው፤ ይህን ሥራ በፕሮጀክታችሁ ልቀጥለው እወዳለሁ።» በእነዚህ ጥቂት መስመሮች ውስጥ «ታታሪ ነኝ» የሚል ቃል የለም፤ ትጋቱ ግን ይታያል። «በቡድን መሥራት እችላለሁ» አላለም፤ እኅቱን ግን ጠርቷል። ያልሠራኸውን ግን ሠራሁ እንዳትል፤ ቃለ መጠይቁ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በዚያች መስመር ላይ ነውና።

አሁን አሁን ደብዳቤውን ሁሉ ለቻትጂፒቲ አስጽፎ መላክ የተለመደ ሆኗል። እንግሊዝኛውን እንዲያርምልህ ብትጠይቀው አልቃወምም፤ ነገሩን ራሱን ከእርሱ ብትበደር ግን ያው ደብዳቤ በዚያው ቀን ከመቀሌም ከጅማም ሲገባ አንባቢው ይስቅብሃል። ሲቪህም አንድ ገጽ ይሁን። የትዳር ሁኔታ፣ ሃይማኖት፣ የአባት ሥራ አይግባበት። በምስክርነት የምትጠራቸውን ሁለት ሰዎች፣ ለምሳሌ የመመረቂያ ጽሑፍህን ያማከረህን መምህር፣ አስቀድመህ ደውለህ አስፈቅዳቸው፤ ያልተነገረው መምህር ድንገት ሲደወልለት «የትኛው?» ያለ እንደ ሆነ ያ ዕድል አለቀለት።

ደብዳቤውንና የፎርሙን መልሶች ሁሉ ያለ ኔትወርክ በስልክህ ማስታወሻ ላይ ጻፋቸው፤ ፎርሙ ላይ በቀጥታ የሚጽፍ ሰው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ መሥመሩ ሲቋረጥበት ሁሉንም ያጣል። ከዚያ ፓኬጅ ገዝተህ፣ ወይም ቅዳሜ ለገበያ ወደ አሶሳ ስትሄድ፣ ገልብጠህ ትለጥፋለህ። ከላክህ በኋላ «ደርሶናል» የሚለውን ገጽ ስክሪንሾት አንሣ፤ በደብተርህም የድርጅቱን ስም፣ የሥራውን መጠሪያ፣ የላክህበትን ቀንና የትኛውን ደብዳቤ እንደ ላክህ መዝግብ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በማታውቀው ቁጥር ሲደወልልህ «ይቅርታ፣ የትኛው ድርጅት?» ከማለት የሚያድንህ ይህ ደብተር ነው።

ስለ አታላዮች ብዙ የምለው አለኝ፤ ሥር ነገሩ ግን አንድ ነው፦ አንተ ገንዘብ የምትቀበልበት ነገር አንተ ገንዘብ በመክፈል አይጀመርም። «የምዝገባ»፣ «የፎርም»፣ «የሥልጠና ማስያዣ»፣ «የቪዛ ጉዳይ ማስፈጸሚያ» እየተባለ በቴሌብር እንድትልክ የሚጠይቅህ ሰው፣ የታላቅ ድርጅት ዓርማ በቴሌግራም ገጹ ላይ ቢለጥፍም፣ አሠሪ አይደለም። በቴሌግራም ያየኸውን ማስታወቂያ በድርጅቱ በራሱ ገጽ ላይ ፈልገው፤ ከሌለ የለም ማለት ነው። የፋይዳህን ቁጥር ላላረጋገጥኸው ሰው፣ ወደ ስልክህ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድ ደግሞ ለማንም አትስጥ፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥርህ የሚጠየቀው ውል ከፈረምህ በኋላ ነው። ከጎረቤቶቼ የአንዱ ልጅ፣ በስም የማልጠራው ወጣት፣ የእናቱን የፍየል ዋጋ ለእንዲህ ያለ «ምዝገባ» ልኮ ሁለት ወር ሙሉ ጥሪ ሲጠብቅ አይቻለሁ፤ ያ ልጅ ሞኝ አልነበረም፤ ሥራ አጥብቆ ፈልጎ ስለ ነበር ነው።

ጥሪው ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ በቪዲዮ ይሆናል። ኔትወርክህ ቪዲዮ እንደማይሸከም ታውቃለህና፣ ቀጠሮው እንደ ተነገረህ «የምኖረው ከአሶሳ ውጭ ስለ ሆነ መሥመሩ ቢቋረጥ በዚህ ቁጥር በስልክ ልንቀጥል እንችላለን?» ብለህ በኢሜይል ጻፍ፤ ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ምልክት ነው። ቢቻል ከቀኑ በፊት ወደ አሶሳ ወርደህ ዘመድ ቤት እደር፤ ስልክህንና ፓወር ባንክህን ሙላ፤ ብርሃን ከፊትህ እንጂ ከኋላህ አይሁን። «ስለ ራስህ ንገረን» ሲሉህ ከልደትህ አትጀምር፤ በደብዳቤህ ከጻፍሃት ከዚያች ሥራ ጀምር። በመጨረሻም «ጥያቄ አለህ?» ማለታቸው አይቀርም፤ ስለ ክፍያው ያልተገለጸ ነገር ካለ የሚጠየቀው ያን ጊዜ ነው፦ አበሉ በወር ስንት ነው፣ ትራንስፖርትና የመስክ ቀን አበል በውስጡ ነው ወይስ በተጨማሪ፣ የሚከፈለውስ በወሩ መጨረሻ ነው ወይስ ሁሉም ሲያልቅ?

ይህን የመጨረሻውን ቀላል አድርገህ አትየው። ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ የሚገባ ልጅ፣ አበሉ ከ3 ወር በኋላ በአንድ ላይ የሚከፈል ከሆነ እስከዚያው የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልለታል? ጥንት የአሶሳ አካባቢ ገዥ የነበሩት ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን በአዲስ አበባ የራሳቸው ቤት ነበራቸው፤ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው፤ አንተ ግን ሸጎሌ ላይ ለአንድ ክፍል ኪራይ መክፈልህ አይቀርም። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት ወረቀት ይዘህ ኪራዩን፣ ምግቡን፣ ታክሲውን፣ የመሄጃውንና የመመለሻውን መኪና ደምረህ ከአበሉ ጋር አስተያይ፤ ጐደሎ ከሆነ በአሶሳ የሚሠራውን አነስተኛ አበል ብትመርጥ ሰው ምን ይለኛል አትበል።

ክፍያው ከውጭ አገር የሚመጣ ከሆነ፣ ባንክህ ሄደህ በስምህ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ እንዴት እንደሚገባና የባንኩ ስዊፍት ኮድ ምን እንደ ሆነ አስጽፈህ ያዝ፤ ስምህም በደብተሩና በውሉ ላይ በአንድ አጻጻፍ መጻፉን ዳግመኛ ተመልከት፤ የሙሐመድ «ኤም» እዚህ ላይ ገንዘብ ታስመልሳለችና።

ልምምዱን ጀምረህ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ አለቃህ ሌላ ሥራ በዝቶበት ሳይረሳህ፣ የመጨረሻው ሳምንት ከመግባቱ በፊት የሠራኸውን ሥራና ከመቼ እስከ መቼ እንደ ሠራኸው የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ጠይቅ፤ ከላይ የጠቀስሁት አዋጅም ልምምዱን የጨረሰ ሰው የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ያዛል። ወረቀቱን እንደ ተቀበልህ ከቢሮው ሳትወጣ ስምህንና ቀኑን አንብብ፤ ዘመኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ እንዲጻፍበት አድርግ፤ ከዚያም እዚያው ኔትወርክ ባለበት በስልክህ አንሥተህ ወደ ራስህ ኢሜይል ላከው።